ቁጣም በሽታ ይሆናልን?

ስለ ራስ መልካም ሥራ መጻፍ ጉራ ይባላል፤ ስለ ራስ ጥፋት መጻፍ ደግሞ ገበናን አደባባይ እንደ ማውጣት ይቆጠራል። ይህን እያወቅሁ ብዕሬን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከእናንተ መካከል በትምህርት ቤትም ሆነ በመሥሪያ ቤት «ቁጡ ነው፥ አትጠጉት» የተባለ አንድ ሰው እንኳ ቢኖር የእኔ ታሪክ ይጠቅመው ይሆናል በማለት ነው። እንዲህ ያለው ሰው ከእናንተ መካከል ባይኖር እንኳ፥ ከእርሱ ጋር በአንድ ክፍል የሚውል ሰው አይጠፋም።

እኔ የ25 ዓመት ወጣት ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት በደብረ ሲና አካባቢ፥ በብርዱ አገር ነው። ከዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ ትምህርት ተመርቄ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለማስተማር ወደ ሸዋ ሮቢት የመጣሁት ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ሸዋ ሮቢትን ለማታውቁ፥ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስትጓዙ ደብረ ብርሃንን አልፋችሁ፥ የጣርማ በርን ዋሻ ሾልካችሁ፥ ከደብረ ሲና ቁልቁል ስትወርዱ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ የምታገኟት የይፋት ቆላ ከተማ ናት። ገበሬዋ ማሾና ማሽላ ይዘራል፤ በሮቢ ወንዝ ዳርና በመስኖው ሁሉ ሽንኩርት ያለማል። ክርስቲያኑና እስላሙ በሠርግም በለቅሶም አብሮ የሚቀመጥባት፥ እንግዳ የምትወድ ከተማ ናት።

እንግዲህ በዚህች ደግ ከተማ ውስጥ ተማሪዎቼ ያወጡልኝ ስም «ክብሪት» የሚል ነበር።

ስሙ በከንቱ የወጣ አልነበረም። የባጃጅ ጥሩንባ ያበሳጨኛል። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ባልደረባዬ ሻዩን ሲያማስል ማንኪያው ከብርጭቆው ጋር ሲጋጭ ጥርሴን ያናክሰኛል። እናቴ ደውላ «ልጄ፥ በላህ ወይ?» ብትለኝ፥ «ምን ያልበላ ሰው አስመሰለኝ?» ብዬ እጮኽባታለሁ፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ደግሞ ራሴን ስረግም አመሻለሁ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ይህ ነው፤ ብዙ ቀን ማንም ሳይነካኝ፥ ገና ከአልጋዬ ሳልወርድ፥ ተቆጥቼ እነቃ ነበር። በማን ላይ እንደ ተቆጣሁ የማውቀው ቀኑ ገፋ ካለ በኋላ፥ የመጀመሪያው ሰው ከፊቴ ሲቆም ነው።

ለዚህ ጠባዬ ሁሉም የየራሱ ምክንያት ነበረው። ባልደረቦቼ «የደጋ ሰው ስለ ሆነ ቆላው ከብዶት ነው» ይላሉ። እናቴ «የአባቱ ቁጣ ነው፥ ከደም የመጣ ነው» ትላለች። እኔ ደግሞ ደመወዙን፥ ሙቀቱን፥ የተማሪውን ስንፍና፥ የመብራቱን መጥፋት ተራ በተራ እከስስ ነበር። ከእነዚህ ክሶች አንዳንዶቹ እውነት ነበሩ፤ ነገር ግን ያው ደመወዝና ያው ሙቀት የነበራቸው ባልደረቦቼ እንደ እኔ አልሆኑም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ወሩ ኅዳር፥ ሰዓቱም ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ተኩል ነበር። የክፍሉ ቆርቆሮ ከጠዋት ጀምሮ የተቀበለውን ፀሐይ በላያችን ይመልስብናል። ለ10ኛ ክፍል የኬሚካል ቀመር ማመጣጠንን አስተምር ነበር። በመካከለኛው ረድፍ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አንሥቶ ጠየቀኝ፤ መለስሁለት። ጥቂት ቆይቶ ያንኑ ጥያቄ ደገመው፤ አሁንም መለስሁለት፥ ድምፄ ግን ተለውጦ ነበር። በሦስተኛው ጊዜ «አልገባኝም፥ ቲቸር» ሲለኝ በእጄ የነበረውን የሰሌዳ መጥረጊያ ወረወርሁበት። እንጨቱ በጆሮው አጠገብ አልፎ ከግድግዳው ጋር ተላተመና ለሁለት ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ስለ ልጁ አእምሮና ስለ አሳዳጊዎቹ የተናገርሁትን ቃል እዚህ አልደግመውም።

ልጁ አልመለሰልኝም። ደብተሩን ሰበሰበና ወጣ። በማግሥቱ አልመጣም፤ በሳምንቱም አልመጣም። ርእሰ መምህሩ ጠርተው በአባት ወግ ገሠጹኝ፤ እኔም ራሴን አቀርቅሬ ሰማሁ። ነገር ግን ሌሊት ሌሊት ዓይኔን በጨፈንሁ ቁጥር የሚታየኝ ያ እንጨት ነበር፤ አንድ ጣት ያህል ወደ ቀኝ ቢያዘነብል ኖሮ የት ያርፍ እንደ ነበር አስብ ነበር።

የተከራየሁባቸው ሴት፥ እኔ እትዬ የምላቸው፥ ሶላታቸውን የማያጓድሉ እስላም ባልቴት ናቸው። ማታ ማታ ቡና ሲያፈሉ ይጠሩኝ ነበር፤ በዚያ ሰሞን ግን መሄዱን ትቼ ነበር። አንድ ቀን ማታ ስኒውን በእጃቸው ይዘው እስከ በሬ መጡና እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፥ አንድ ነገር ልንገርህ፥ አትቆጣኝ። ቀን ስትጮህ አገር ይሰማሃል። ሌሊት ስታለቅስ ግን የምሰማህ እኔ ብቻ ነኝ፤ የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። የሚጮኸው ሰውና የሚያለቅሰው ሰው አንድ ከሆነ ይህ ጠባይ አይደለም፥ ሕመም ነው።»

እኔ ማልቀሴን ለራሴም አምኜ አላውቅም ነበር። ነገሩን በትምህርት ቤታችን ባዮሎጂ ለሚያስተምሩትና ጋሼ ለምላቸው አንድ አዛውንት ባልደረባዬ አጫወትኋቸው። እርሳቸውም ብዙ አልተናገሩም። «ባለፈው ክረምት ወባ ሲይዝህ ክኒን አልዋጥህምን? ያን ጊዜ ‹ጠባዬ ነው› ብለህ ተቀምጠህ ነበርን? እንግዲህ ይህንንም ሄደህ ታይ» አሉኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን የአባቶች ቃል ያን ዕለት ለራሴ ደገምሁት።

በሚቀጥለው ሳምንት ፈቃድ ጠይቄ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ዳገቱን ወጥቼ ደብረ ብርሃን ካሉት ሐኪም ቤቶች በአንዱ፥ የአእምሮ ሕክምና በሚሰጥበት ክፍል ደጃፍ ላይ ተቀመጥሁ። የሚያውቀኝ ሰው እንዳያየኝ ፊቴን በጋቢ ሸፍኜ ነበር። ያየችኝ ሐኪም በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ ሴት ነበረች። እኔም ገና ሳልጠየቅ «ዶክተር፥ እኔ አላዘንሁም፥ ተቆጥቻለሁ እንጂ» አልኋት። እርስዋም «የተቆጣ ሰው አያዝንም ያለህ ማነው?» አለችና መጠየቅ ጀመረች።

ስለ ቁጣዬ የጠየቀችኝ ጥቂት ነው። የጠየቀችኝ ስለ ሌላ ነገር ነበር። እንቅልፍ ይወስድሃል ወይ? በስንት ሰዓት ትነቃለህ? ምግብ ይጣፍጥሃል? ቀድሞ የምትወደውን ነገር አሁን ትወደዋለህ? ደብተር ስታርም ሐሳብህ ይሰበሰባል? በቤተሰብህ እንዲህ የታመመ ሰው ነበረ ወይ? ጫት ትቅማለህ? ደግሞስ ሳትተኛ እያደርህ ብርታት የሚሰማህ፥ ንግግር የሚበዛብህ፥ ገንዘብ የምትበትንበት ሰሞን ነበረህ ወይ? በመጨረሻም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ሞትን እመኝ እንደ ሆነ ጠየቀችኝ። አንዳንድ ሌሊት ባይነጋ ደስ እንደሚለኝ ነገርኋት። ይህን ቃል ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር፤ ጣራው ግን በላዬ አልተደረመሰም።

ከዚያ በኋላ የእንቅርት ዕጢና የደም ማነስ ምርመራ አዘዘችልኝ፤ እነዚህም ሰውን ነጭናጫ ያደርጋሉና። ሁለቱም ደኅና ሆነው ተገኙ። የሕመሜ ስም ድባቴ መሆኑን ነገረችኝ። ድባቴ ማለት ከጭንቀት ቀንም ሆነ ከአንድ ሰሞን ኀዘን የተለየ፥ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሳያቋርጥ የሚቆይና እንቅልፍን፥ ምግብን፥ ሥራንና ተስፋን የሚነካ በሽታ ነው።

ቁጣስ ከዚህ ምን አገናኘው? ትሉኝ ይሆናል። እኔም ይህንኑ ጠይቄ ነበር። አሜሪካውያን የአእምሮ ሐኪሞች በሚመሩበት መጽሐፍ ውስጥ በልጆችና በጎረምሶች ላይ ቁጡነት እንደ ኀዘን ሁሉ የድባቴ ዋና ምልክት ሆኖ ሲቆጠር፥ ለዐዋቂ ግን በዋናዎቹ ምልክቶች ተራ አልተጻፈም። ከዚህም የተነሣ ብዙ ዐዋቂ ሰው «ባሕርዩ ነው» እየተባለ ሳይታወቅለት ይቀራል። ሆኖም በፈረንጆች አቆጣጠር በ2013 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ድባቴ የያዛቸውን ከ500 በላይ ሰዎች ተመልክቶ ከግማሽ የሚበልጡት ግልጽ የሆነ ቁጡነት እንደ ነበራቸው፥ እነዚህም ሕመማቸው የበረታና የረዘመ እንደ ሆነ አሳይቷል። ከዚያ ቀደም በ1990ዎቹ በቦስተን ከተማ ዶክተር ማውሪሲዮ ፋቫና ባልደረቦቹ ድንገት ቱግ የሚሉ የድባቴ ሕመምተኞችን አጥንተው ነበር፤ ፍሎክሰቲን የተባለውን መድኃኒት ከወሰዱት መካከል ብዙዎቹ ያ ድንገተኛ ቁጣ ለቅቋቸዋል። እንግዲህ ለቁጣ ተብሎ የተሠራ ክኒን የለም፤ ቁጣው የድባቴ ጭስ ሲሆን ግን እሳቱ ሲጠፋ ጭሱም አብሮ ይጠፋል።

ስለ መድኃኒቶቹ ጥቂት ልጨምር፤ ኬሚስትሪ አስተማሪ ስለ ሆንሁ ይህን ሳልናገር ማለፍ አይሆንልኝም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1952 በኒውዮርክ በሚገኘው የሲ ቪው ሐኪም ቤት ለሳንባ ነቀርሳ አዲስ መድኃኒት ሲሞከር፥ ለብዙ ወራት ተኝተው የነበሩት ሕመምተኞች ተጫዋቾችና ምግብ የሚወዱ ሆኑ። መድኃኒቱ ኢፕሮኒያዚድ ይባል ነበር፤ ለድባቴም እንደሚረዳ የታወቀው በዚህ አጋጣሚ ነው። በ1957 ደግሞ ሮላንድ ኩን የተባለ የስዊስ ሐኪም ለሌላ የአእምሮ ሕመም የታሰበውን ኢሚፕራሚንን ሲሞክር የድባቴ ሕመምተኞችን እንደሚያድን አስታወቀ። የኢሚፕራሚን ዘመድ የሆነው አሚትሪፕቲሊን በ1961፥ ፍሎክሰቲን ደግሞ በ1987 መጨረሻ በአሜሪካ ተፈቀዱ። ሁለቱም ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ ብሎ በሚዘረዝራቸው መድኃኒቶች ውስጥ ይገኛሉ።

ለእኔ በመጀመሪያ የታዘዘልኝ አሚትሪፕቲሊን ነበር፤ እንቅልፍ ያመጣል፥ ዋጋውም ቀላል ነው። ሐኪሟ ግን የሰጠችኝ ለሁለት ሳምንት ብቻ የሚበቃ ነበር። ምክንያቱንም ሳትደብቅ ነገረችኝ፤ ይህ ክኒን ከመጠን በላይ ከተወሰደ ልብን ይጎዳል፥ ይገድላልም፤ ስለዚህ ሞትን በተመኘ ሰው እጅ ብዙ ሆኖ አይቀመጥም። «የምታምነው ሰው ያስቀምጥልህ» አለችኝ። እነሆ እትዬ ክኒኑን ከስኒዎቻቸው ጋር ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈው ማታ ማታ ከቡናው በኋላ አንዷን ፍሬ በእጄ ላይ ያኖሩልኝ ጀመር። መድኃኒቴን በሰው ፊት ስውጥ መጀመሪያ አፈርሁ፤ በኋላ ግን ያ ሰዓት ከቀኑ ሁሉ የምወደው ሆነ።

አሚትሪፕቲሊን እንቅልፌን መለሰልኝ፤ ስለዚህ ነገር አመሰግነዋለሁ። ነገር ግን አፌን እንደ ጭድ አደረቀው። ቀኑን ሙሉ ለሚናገር አስተማሪ ይህ ቀላል ፈተና አይደለም። የሆድ ድርቀትም ተከተለ፤ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ቆሜ አንቀላፋ ነበር። መድኃኒቱ ላብን ስለሚቀንስ በቆላ ለሚኖር ሰው ሙቀቱ እንዳይጎዳው መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ እኔም ውኃ በላስቲክ ይዤ፥ ጥላ ለጥላ እሄድ ነበር። ስድስት ሳምንት አለፈ። ተኛሁ፥ ማልቀሱም ቀነሰ፤ ክብሪቱ ግን ክብሪት እንደ ሆነ ቀረ። አንድ ተማሪ ወንበር ሲጎትት ልቤ ያው ነው።

ተስፋ ቆርጬ ነበር። ሐኪሟ ግን አልደነቀችም። በ2006 በአሜሪካ ውጤቱ የታወቀውን ታላቅ ጥናት ጠቅሳ በመጀመሪያው መድኃኒት ሙሉ በሙሉ የሚሻለው ከሦስት ሰው አንዱ ያህል እንደ ሆነ ነገረችኝ። «የመጀመሪያው ቁልፍ አልከፈተም ማለት በሩ አይከፈትም ማለት አይደለም» አለችኝ። ሁለቱ መድኃኒቶች ቢደራረቡ ፍሎክሰቲን አሚትሪፕቲሊኑን በደም ውስጥ ከመጠን በላይ ያበዛዋልና፥ የፊተኛውን ቀስ በቀስ አስቀንሳኝ፥ በየካቲት መጀመሪያ ፍሎክሰቲን 20 ሚሊ ግራም ጠዋት ጠዋት እንድወስድ አዘዘችልኝ።

የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር። ሆዴን አቅለሸለሸኝ፥ እጄ ተቅበጠበጠ፥ እንቅልፌም ተረበሸ። ይህ እንደሚመጣ አስቀድሞ ባይነገረኝ ኖሮ ክኒኑን ወደ ሮቢ ወንዝ እወረውረው ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከባልደረቦቼ ጋር ፈተና እያረምን እቅመው የነበረውንም ጫት በሐኪሟ ምክር ተውሁት። ምርቃናው ሲወርድ የሚመጣውን ድብርትና ነጭናጫነት የቀመሰ ያውቀዋል፤ በአንድ እጅ እሳት እያጠፉ በሌላው ጭራሮ መጨመር ነበር። በሦስተኛው ሳምንት መቅበጥበጡ ሄደ። በአራተኛውም ምንም አልታየኝም።

በአምስተኛው ሳምንት ውስጥ፥ ቀኑን በውል አስታውሰዋለሁ፥ መጋቢት አጋማሽ ላይ አንድ ማክሰኞ፥ ጽሑፍ ስጽፍ ከኋላዬ አንድ አግዳሚ ወንበር ከነተማሪዎቹ ወደቀ። ክፍሉ ሳቀ፤ ወዲያውም ጸጥ አለ፤ ሁሉም የክብሪትን መጫር ይጠብቅ ነበር። እኔ ዞር ብዬ «የተጎዳ አለ?» ብዬ ጠየቅሁና ወደ ሰሌዳው ተመለስሁ። ሁለት መስመር ያህል ከጻፍሁ በኋላ ነው ያልተቆጣሁ መሆኔ የገባኝ። ጠመኔው በእጄ እንዳለ ቆምሁ። ቁጣውን ታግዬ አሸንፌው አልነበረም፤ ዱሮ ብዙ ጊዜ ታግዬው ጥሎኛል። በነገሩና በእኔ መካከል አንዲት ትንሽ ጊዜ ተቀምጣ ነበር፤ እስትንፋስ ያህል። ሌሎች ሰዎች ከልጅነታቸው ጀምሮ ይህች ጊዜ እንዳለቻቸው፥ እኔ ግን ለብዙ ዘመን ያለ እርስዋ እንደ ኖርሁ ያን ዕለት አወቅሁ።

መድኃኒቱ ደስተኛ አላደረገኝም፤ ማንም እንዲህ ብሎ ቢነግራችሁ አትመኑት። ደመወዜም አልጨመረም፥ ሙቀቱም አልቀነሰም። የሚያስቆጣ ነገር ሲመጣ ዛሬም እቆጣለሁ፤ ነገር ግን ቁጣው በልኩ ይመጣና በጊዜው ይሄዳል። እናቴም በስልክ «ድምፅህ ተመለሰ» አለችኝ።

ስለ እናቴ ካነሣሁ አይቀር፥ ነገሩን ስትሰማ መጀመሪያ ደንግጣ ነበር። «የእብድ መድኃኒት ነው የምትውጠው?» ብላ አለቀሰች። አልፈርድባትም። በአገራችን ለብዙ ዘመን የአእምሮ ሕክምና ማለት በጣሊያን ወረራ ዘመን አዲስ አበባ የተቋቋመው አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ወደዚያ የሚሄደውም ሕመሙ እጅግ የጠናበት ሰው ነው። የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማሠልጠን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ሕክምናው እስከ ጤና ጣቢያ ድረስ እንዲዳረስ የሚያዘውም የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ስትራቴጂ ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ የመጣ ነው። ሕዝቡ ነገሩን ለመልመድ ጊዜ ቢፈጅበት አያስደንቅም። እናቴ ጠበል እንድጠመቅ ለመነችኝ፤ ተጠመቅሁም። እትዬም በበኩላቸው ዱዓ አደረጉልኝ። ለሁለቱም የነገርኋቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ክኒኑን አላቋርጥም። እነርሱም አቋርጥ አላሉኝም።

አሁን የቀረኝ ዕዳ ያ ልጅ ነበር። መድኃኒት ያለፈውን አያስተካክልም። «ታምሜ ነበር» ማለትም ምክንያት ይሆናል እንጂ ይቅርታ አይሆንም። በመጋቢት መጨረሻ ሰፈሩን ጠያይቄ በሽንኩርት ማሳ ላይ በቀን ሥራ ሲያገለግል አገኘሁት። ከሮቢ ወንዝ ማዶ፥ ጆንያ እየሰፋ ነበር። ሲያየኝ ብድግ አለ፤ መርፌው በእጁ ነበር።

«ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት» አልሁት። «ያደረግሁትም የተናገርሁትም ትክክል አልነበረም። ጥያቄህ ጥፋት አልነበረም።»

ልጁ ለረጅም ጊዜ መሬት መሬት አየ። «ይተዉት፥ ቲቸር» አለኝ በመጨረሻ። «እኔ ትምህርቱን የተውሁት በእርስዎ ብቻ አይደለም።»

«ብቻ» የምትለው ቃል እንደዚያ ቀን ከብዳኝ አታውቅም። አጠገቡ ሽንኩርቱ ክምር ላይ ተቀመጥሁ። አንባቢዎቼ እንደምታስታውሱት በ2013 ዓ.ም. ጎረቤታችን አጣዬ ተቃጥላ ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ወር ደግሞ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደረሰ። እኔ በዚያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርሁ፤ እርሱ ግን እዚሁ የነበረ የ14 ዓመት ልጅ ነው። «ኅዳር ሲገባ እንቅልፍ አይወስደኝም» አለኝ። «የዚያን ጊዜው ተኩስ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ክፍል ስቀመጥ የሚነገረው አይገባኝም፤ ሦስቴ ቢነገረኝም አይገባኝም። ቤት ስገባ ደግሞ በእናቴ ላይ እጮኻለሁ። ለምን እንደምጮኽባት አላውቅም።»

ያን ዕለት፥ ውድ አንባቢዎቼ፥ እንቅልፍ ያጣ ልጅ እንቅልፍ ያጣ አስተማሪውን ሲጠይቅ እንደ ነበረ ገባኝ። እኔም ታሪኬን ሳልደብቅ ነገርሁት፤ ስለ ደብረ ብርሃኗ ሐኪምም አጫወትሁት። የእርሱ ሕመም ከእኔ ሕመም ጋር አንድ ላይሆን ይችላል፥ መድኃኒቱም ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ይህን የሚያውቀው ሐኪም ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከእናቱ ጋር ጤና ጣቢያ መሄዱን ሰማሁ። ወደ ትምህርቱ ይመለስ አይመለስ ገና አላወቅሁም፤ መስከረም ሲጠባ ምዝገባው ጠረጴዛ ላይ እኔ እንድቀመጥ ርእሰ መምህሩን ለምኛለሁ።

እንግዲህ ከልምዴ ጥቂት ምክር ሰጥቼ ልሰናበት። መድኃኒቱን ከፋርማሲ በራሳችሁ ፈቃድ አትግዙ፤ ከጓደኛችሁም አትዋሱ። ለእኔ የበጀኝ ለእናንተ ላይበጅ ይችላል፤ በተለይም ቁጣው አንድ ሰሞን ከሚመጣ ከልክ ያለፈ ብርታትና እንቅልፍ ማጣት ጋር የሚፈራረቅ ከሆነ ሕመሙ ሌላ ነው፥ ይኸው ክኒንም ሊያባብሰው ይችላል። ከ25 ዓመት በታች ያላችሁ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይበልጥ ተጠንቀቁ፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለ ሥልጣን በ2004 ለልጆችና ለጎረምሶች፥ በ2007 ደግሞ እስከ 24 ዓመት ላሉ ወጣቶች፥ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊነሣ እንደሚችል በመድኃኒቶቹ ላይ እንዲጻፍ አዟል። ይህ ማለት አትውሰዱ ማለት አይደለም፤ የሚያያችሁ ሰው በአጠገባችሁ ይኑር ማለት ነው። የማይመች ነገር ቢሰማችሁ፥ የሚያሳፍር እንኳ ቢሆን፥ ለሐኪማችሁ ንገሩ። ሲሻላችሁም በራሳችሁ አታቋርጡ። አንድ ጊዜ መንገድ ተዘግቶ ለጥቂት ቀናት መድኃኒቴ አልቆብኝ ነበር፤ ፍሎክሰቲን ከሰውነት ለመውጣት ሳምንታት ስለሚፈጅበት ብዙ አልተጎዳሁም፤ ሌሎቹ መድኃኒቶች ግን እንዲህ አይታገሡም። ከዚያ ወዲህ እትዬ ክኒኑ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው «መንገድህን አስብ» ይሉኛል።

የመጨረሻው ቃሌ ለታመመው ሳይሆን በአጠገቡ ላለው ነው። በመሥሪያ ቤታችሁ ፋይል የሚወረውር አለቃ፥ በመኝታ ክፍላችሁ በትንሽ ነገር የሚደነፋ ጓደኛ፥ በቤታችሁም በእናቱ ላይ የሚጮኽ ወንድም ይኖር ይሆናል። ጥፋቱን ጥፋት በሉት፤ አትሸፍኑለት። ነገር ግን «ባሕርዩ ነው» ብላችሁ ከማለፋችሁ በፊት፥ ቁጣው በበረደለት ሰዓት ጠጋ ብላችሁ «ሌሊት እንቅልፍ ይወስድሃል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁልኝ።